ለቱሉ ዲምቱዋ የቁስል ክፍል ሲስተር፦ እግዜር ይስጥልኝ

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ለምትኖሩ ሁሉ ነው የምጽፈው። በተለይ ትንሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎላችሁ «ቁስሉን በየቀኑ አሳጥቡ» ተብላችሁ ወደ ቤት ለተላካችሁ። ሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ የመርፌና የቁስል ክፍል ውስጥ አንድ ሲስተር አሉ። ጡረታቸው የቀረበ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራዬ ነው፤ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን አይደለሁም» ብለው። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሳላመሰግን ማለፍ ግን አልችልም።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ከወገቤ በታች፣ ጭራ አጥንቴ ጫፍ ላይ እባጭ ወጣብኝ። ሐኪሞቹ ፓይሎኒዳል ሳይነስ ይሉታል። ፀጉር ወደ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያመረቅዛል፣ መግል ይቋጥራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወጣት ወንዶችንና ቁጭ ብለው የሚውሉ ሰዎችን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮችን በጣም ያጠቃ ስለነበር «የጂፕ በሽታ» ተብሎ ነበር። በሚንጥ መኪና ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ ማለት ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ታክሲ ውስጥ ነኝ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ቀላል ነበር። የማደንዘዣ መርፌ ተወጋሁ፣ ተሰነጠቀ፣ መግሉ ወጣ፣ በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ቁስል በክር አይሰፋም፤ ክፍት ይተዋል። ከላይ ቶሎ ከገጠመ ከስር መግል ይቀርና እንደገና ያብጣል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እየሞላ እንዲድን ውስጡ ጎዝ፣ ማለትም ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ይገባበታል። ጎዙ በየቀኑ ወጥቶ ሌላ ይተካል። ስቃዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን እጥበት ያደረግኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ጎዙ ደርቆ ከሥጋዬ ጋር ተጣብቋል። ባለሙያው በአንድ እጁ ወገቤን ተጭኖ በሌላው መዠረጠው። ጮህኩ። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» አለኝና ቀጠለ። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ቁስሉ አይደለም፤ ነገም ይሄው ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ ፍርሃት የደረሰበት ሰው ይገባዋል። ከሰዓቱ በፊት ሆድ ይሸበራል፣ ምግብ አይወርድም፣ ሰበብ ፈልጎ መቅረት ይመጣል። ስንት ሰው በዚሁ ምክንያት እጥበቱን እያቋረጠ ቁስሉ እንደሚበላሽበት ሲስተር ኋላ ነግረውኛል።

ወደ እሳቸው የላኩኝ በእኛው ብሎክ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። እግራቸው ተቃጥሎ እዚያ ይታጠቡ ነበር። «ልጄ፣ እዚህ አጠገብህ ሰው እያለልህ ለምን ትሰቃያለህ?» አሉኝ። እሳቸውንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር ገና ስገባ የጠየቁኝ ቁስሌን አይደለም። «ማስታገሻ ወስደሃል?» ነው ያሉኝ። አልወሰድኩም። ማንም ውሰድ አላለኝም። «እንግዲያው አሁን አልነካህም» አሉ። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ አስውጠው ውጭ አግዳሚው ላይ በጎኔ እንድጋደም አደረጉኝ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ከቤት ስወጣ ውጬ ነበር የምሄደው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ባለ 500 ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻ ደግሞ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያዝለት አይውሰድ፤ የሚወስድም በባዶ ሆድ አይሁን። እኛ አገር ጨጓራ የሌለበት ስለማይገኝ ነው ይህን የምለው።

ሲጠሩኝ በሆዴ ተኛሁ። «ሕጋችን ይሄ ነው» አሉ። «ሲብስብህ እጅህን አንሳ። እኔ ያን ጊዜ እጄን አነሳለሁ። እስክትነግረኝ አልመለስም።» ትልቅ ሲሪንጅ ውስጥ ኖርማል ሳላይን ሞሉ። ይህ 0.9 ፐርሰንት ጨው ያለው ንጹህ ውሃ ነው፤ ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር ስለሚስማማ አያቃጥልም። ጎዙ ላይ በቀስታ አፈሰሱትና ጥለውኝ ሄዱ። አዎ፣ ሄዱ። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሕፃን መርፌ ሊወጋ እያለቀሰ ነበር፤ እሱን አባብለው ወግተው ተመለሱ። የጎዙን ጫፍ በፒንሳ ነካ አድርገው አዩና «ገና አለቀቀም» ብለው ደግመው አረጠቡት። ሌላ ሰው ካርድ ጻፉለት። ተመለሱ። ይኸኔ ጎዙ ትንሽ በትንሽ እየተሳበ ወጣ። አመመኝ፣ ግን የምችለው ህመም ነው። መሀል ላይ እጄን አነሳሁ። ሁለቱንም እጃቸውን ከፍ አድርገው በጓንታቸው እንዳሉ ቆሙ። ዘወር ብዬ አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው ሰውነቴ የተፍታታው።

ለምን እንደሚያረጥቡት ሲያስረዱኝ በጣም ገረመኝ። ጉዳዩ የህመም ብቻ አይደለም። ቁስሉ ውስጥ በየቀኑ አዲስ ሥጋ ይበቅላል። ደረቅ ጎዝ ሲመዠረጥ ያንን የበቀለ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ይደማል፣ መዳኑም ይዘገያል። ስለዚህ ህመምተኛው ሲጮህ ዝም ብሎ መጎተት ጥንካሬ አይደለም፤ ሥራውን ማበላሸት ነው። «አርጥቡልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። የትም ሄዳችሁ ብትታጠቡ በሉ። አትፈሩ።

አዲሱን ጎዝ ሲያስገቡም ጠቅጥቀው አይደለም። ላላ አድርገው ነው፣ የጉድጓዱን ግድግዳ እንዲነካ ብቻ። አንድ ረጅም ቁራጭ ይጠቀማሉ፣ ጫፉን ውጭ ይተዉታል። ብዙ ትንንሽ ቁራጭ ከገባ አንዱ ውስጥ ሊረሳ ይችላል። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ፎቶ አነሱልኝ። እኔ ላየው የማልችለው ቦታ ስለሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ በሐሳቤ እጅግ አስፈሪ አድርጌው ነበር። ፎቶው ላይ ቀይ፣ እርጥብ ሥጋ ነው ያለው። «ይሄ ቀይ የሆነው ደግ ነው። ቢጫ ወይም ጥቁር ሲሆን ነው የማዝነው» አሉኝ። የጉድጓዱን ጥልቀት በጥጥ እንጨት ለክተው ደብተሬ ላይ በሴንቲሜትር ጻፉ። በየሳምንቱ ቁጥሩ ሲቀንስ ማየት ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ባለቤቴንም ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ቤት ውስጥ የምትቀይርልኝ እሷ ነበረች። እጅን እስከ ክንድ በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ቀለበት ማውለቅ፣ የወጣውን ጎዝ በፌስታል ቋጥሮ መጣል። ሳላይኑ አንዴ ከተከፈተ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳናስቀምጠው አስጠነቀቋት፤ ስለዚህ ትንሹን ፕላስቲክ ነው የምንገዛው። ጤና ጣቢያው ጎዝ የሚያልቅበት ጊዜ ስላለ እኛ ከከነማ መድኃኒት ቤት እየገዛን ይዘን እንሄድ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዉ ምክር። የታመመ ሰው ቤት የሚገባ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል። አንዱ አምፒሲሊን ፍሬውን ከፍተህ ነስንስበት አለኝ። ሌላው ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል ቀለም ቀባው አለ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይዞልኝ የመጣም አለ፤ አረፋ ሲያወጣ ቆሻሻውን እየበላ ይመስላል። ሲስተር ሁሉንም ሰምተው፣ ማንንም ሳይነቅፉ፣ በተራ በተራ ነገሩኝ። ፐሮክሳይድና አልኮል የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላሉ። የተነሰነሰ ዱቄት ይጋገርና ከስሩ መግል ይደብቃል። ጠበል መጠጣት ትችላለህ፣ እምነትህ ነው፤ ቁስሉ ውስጥ ግን አታፍስስ አሉኝ።

አማቴ በበኩላቸው ሽታ ቁስል ይመታል ብለው ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንዳይጠበስ፣ ባለቤቴ ሽቶ እንዳትቀባ ከልክለው ነበር። ስለ እኔ ተጨንቀው እንደሆነ አውቃለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ሲስተርን ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «የወጥ ሽታ ቁስል አይመታም። ሽታው ከቁስሉ የመጣ እንደሆነ ግን ሌላ ቀን አትጠብቅ፣ ወደኔ ሮጠህ ና።»

አብረው የዘረዘሩልኝንም ልንገራችሁ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። በቁስሉ ዙሪያ ያለው መቅላትና ሙቀት እየሰፋ መሄድ። ህመሙ ሲቀንስ ቆይቶ እንደገና መጨመር። በንጹህ ጎዝ አጥብቃችሁ ተጭናችሁ ለ10 ደቂቃ ያልቆመ ደም። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ለእኛ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ጊዜው ዓቢይ ጾም ነበር። ቁስል ሥጋ የሚተካው ከምንበላው ነው፣ በተለይ ከፕሮቲን። «የንስሐ አባትህን አማክር፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ አትጨክንም» አሉኝ። አማከርኩ፣ ተፈቀደልኝ፣ እንቁላል በላሁ። እንቁላል ቁስል ያመረቅዛል የሚሉ ነበሩ፤ ምንም አላመረቀዘም። መጾም ለሚፈልግ ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ለውዝ አለ፤ ዋናው ጠግቦ መብላት ነው። የደም ስኳሬንም አስለኩኝ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ስለሚዘገይ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለሆነ ነው። ሲጋራም ቁስልን ያዘገያል፤ የምታጨሱ በዚህ ጊዜ እንኳ ተዉት።

የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ሆይ፣ ለቀጣሪያችሁ አፍራችሁ በቁስላችሁ ላይ አትቀመጡ። የሐኪም ማስረጃ አምጡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። እኔ ሥራ ስመለስ እንኳ በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሬ እየተነሳሁ ነበር የምሠራው። ታክሲ ትቼ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የሄድኩት። በተለይ መኪናው ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ መቀመጥ አይታሰብም። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ዙሪያው ያለው ፀጉር እየተላጨ መቆየት አለበት፤ ይህ በሽታ ተመልሶ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ካርድ ክፍል ገብታችሁ «ቁስል ለማሳጠብ» በሉ። ቀዶ ጥገና ያደረገላችሁ ቦታ የሰጣችሁን ወረቀት ያዙ፤ የጤና መድህን ያላችሁ ደብተራችሁን አትርሱ። ሰኞ ጠዋት በጣም ይጨናነቃል፣ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ለሲስተር ስጦታ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አይቀበሉም። እኔ ሞክሬ መልሰውልኛል። ያልተከፈተ ጎዝ ወይም ፕላስተር ተርፏችሁ ከሆነ ግን ለክፍሉ ብላችሁ አስረክቡ። መግዣ አጥቶ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አለ፤ ለእሱ ያውሉታል።

ሲስተር፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። ቁስሌ ገጥሟል። ባለቤቴም አማቴም ሰላም ይሉዎታል። እጅዎ ይባረክ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።