ዘጠኝ ወር በኮንታክት ሌንስ፦ ከቱሉ ዲምቱ

መነጽር የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ቁጥሬ ማይነስ 4.50 ነው። ካወለቅኩት የመጣው ታክሲ የሳሪስ ይሁን የመገናኛ፣ ረዳቱ ካልጮኸ አላውቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ገና እግሬን ሳስገባ መስታወቱ በእንፋሎት ድፍን ይላል። እሱ ነው ያማረረኝ። ባለፈው ነሐሴ ሌንስ ገዛሁ።

በየወሩ የሚቀየር ለስላሳ ሌንስ ነው፤ የተሠራበት ነገር ሲሊኮን ሃይድሮጄል ይባላል። አንዱ ካርቶን ስድስት ፍሬ ይይዛል፣ ለሦስት ወር ይበቃኛል። ዋጋውን አልጽፍም። በገዛሁ ቁጥር የተለያየ ዋጋ ከፍያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ ነበሩ። በጎን ሳይቀር ይታየኛል። ሽንኩርት ስከትፍ እንባ የለም፤ ሌንሱ ይሸፍነዋል። እማዬ ግን አንድም ቀን አልተዋጠላትም። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ውስጥ ላስቲክ እየከተትሽ!» ትላለች። አንድ ቀን ሚጥሚጣ በነካው እጄ ሌንሴን ላወጣ ስሞክር የጮኽኩትን ጩኸት እስካሁን ታወራዋለች። እጄን ታጥቤ ነበር እኮ። ሚጥሚጣ በአንድ ዙር ሳሙና አይለቅም።

ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ፣ ሥራዬ ካዛንቺስ ነው። ከንጋቱ 11፡30 ከቤት እወጣለሁ፤ ስመለስ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ሌንሱ በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ዓይኔ ላይ ይውላል ማለት ነው። ማታ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ጀመር። በጋው ሲገባ ደግሞ የኮብልስቶኑ አቧራ ተጨመረበት።

ኮርኒያ የሚባለውን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ዜና ላይ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው እሱ ነው፤ የዓይናችን የፊት መስታወት። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥርት ብሎ እንዲታይበት የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር ነው። ሌንስ ስናደርግ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀልን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቼኩ ኬሚስት ኦቶ ዊችተርሌ በልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት በሠራው ማሽን ያወጣው የመጀመሪያው ለስላሳ ሌንስ ኦክስጅን የሚያሳልፈው በያዘው ውሃ ብቻ ነበር። ሲሊኮን የገባበት ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ቢሆንም እኛ የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ኮርኒያችን ሌንስ ሳይደረግበትም ከጂቡቲ ሰው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚደርሰው። ይሄን ካርቶኑ ላይ አይጽፉትም።

ጥር ላይ ጉድ ሆንኩ። ከሠርግ የተመለስኩት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። መብራት የለም፣ ውሃም የእኛ ፈረቃ አይደለም። «በቆሸሸ እጅ ከማወጣው ልተኛበት» አልኩ። ሲተኙ ዓይን ስለሚከደን ኮርኒያ የሚተነፍሰው ከቆቡ የውስጥ የደም ሥሮች በምታገኘው ጥቂት ኦክስጅን ነው። እኔ በመሃል ሌንስ አስቀመጥኩባት። ጠዋት ስነሳ ቀኝ ዓይኔ ደም መስሏል። መጋረጃው ሲገለጥ ብርሃኑ እንደ መርፌ ወጋኝ።

ጎረቤቴ ከባለፈው ዓመት የተረፈ ጠብታ ይዛ መጣች። እግዜር ይስጣት፣ ግን እንኳን አላደረግኩት። ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት ቀናሽ መድኃኒት ያለበት ቢሆን ኢንፌክሽኑን ያባብሰው ነበር። ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ብርቱካንማ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት ስታይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። እማዬ በፋሻ እንዲሸፈን ፈልጋ ነበር። ዶክተሯ እንቢ አለች፤ በሌንስ የመጣ ቁስል ታሽጎ ሲሞቅ ለባክቴሪያ ይመቸዋል። ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ አዘዘች፣ ሌንስ ለሁለት ሳምንት ከለከለች። ዳነልኝ። በዚያው ግን ነጩና ጥቁሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጥቃቅን የደም ሥሮች ወደ ውስጥ መግባት መጀመራቸውን ነገረችኝ። ኦክስጅን ያጠረው ኮርኒያ ደም ሥር ይጠራል። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ስለ ውሃ ጠየቀችኝ፣ አፈርኩ። ሌንሱ የሚታጠብበትና የሚነከርበት ሶሉሽን ሲያልቅብኝ የሌንሱን ማስቀመጫ ዕቃ በሮቶ ውሃ ያለቀለቅኩባቸው ቀናት አሉ። ከቧንቧም ሆነ ከሮቶ የሚቀዳ ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ማየትንም ሊያሳጣ ይችላል። አሁን ሌንሴም ዕቃውም ውሃ አይነካቸውም። እጄን በሳሙና ታጥቤ በደንብ አደርቃለሁ። በአሮጌ ሶሉሽን ላይ አዲስ መጨመር ቀርቷል፣ በየቀኑ ደፍቼ ነው የምቀይረው። ዕቃውን በየሦስት ወሩ እጥላለሁ። ሻወርም ሌንሱን ሳላወጣ አልገባም። ፈረቃችን ካልሆነ ደግሞ ጠዋት ሌንስ የለም፣ በቃ።

ሌንሱ ራሱ መጥፎ አይደለም። ቢሮው አጠገብ ለሚኖር ሰው ሳልሳሳ እመክረዋለሁ። እንደኔ ዳር ላይ ለሚኖር ግን ከመግዛቱ በፊት ሰዓቱን ይቁጠር።

አራተኛውን ካርቶን ገዝቻለሁ። የማደርገው በሳምንት አራት ቀን ነው፤ ቢሮ ደርሼ አደርጋለሁ፣ ስወጣ አወጣለሁ። ሰልፉም ታክሲውም በመነጽር ነው። እንፋሎቱ አሁንም ድፍን ያደርገዋል። ያድርገው።