ማሽን ከነፈቃዱ እናቀርባለን ለሚሉ የወርቅ ደላሎች ቀብድ እንዳትከፍሉ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን ይቺ ነገር በርትታለችና ገንዘባችሁን ሳታወጡ አንብቡልኝ።

ጥቅሉ እንዲህ ነው። ከመሬት ውስጥ ወርቅ የሚያሳይ ማሽን አለ፤ ማሽኑን የሚይዝ «ባለሙያ» አለ፤ የገበሬው አውራ ጣት ያረፈበት «የባለመሬት ፈቃድ» አለ። ቦታው ድሮ ሲራራ ነጋዴ ሄደበት የሚባል የእግር መንገድ ነው፤ ወይ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው፣ ወይ በዘጌ በኩል ያለው። «ነጋዴው ሽፍታ ሲመጣበት ብሩን እየቀበረ ይሸሽ ነበር» ይሏችኋል። ቀብድ ዛሬ፣ ቀሪው ወርቁ ሲወጣ። ቀሪውን ለመክፈል የበቃ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ቢሆን ማንም አይታለልም ነበር። ነጋዴውም መንገዱም እውነት ናቸው። ለማሳመኛ ከኪሳቸው የሚያወጡት ጠገራ ብርም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው፤ ወርቅ የለበትም። ላዩ ላይ ያለው 1780 ደግሞ ዕድሜውን አይነግራችሁም፤ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖሯል። ከጌጣጌጥ ሻጭ ተገዝቶ «እዚሁ የተገኘ» ቢባል በምን ታውቃላችሁ?

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፤ «አልሠራ አለ» ተብሎ ሱቄ ሲመጣ ከፍቼ አይቸዋለሁ። እጀታ፣ እንደልቡ የሚዞር አንቴና፣ ባትሪና የምታበራ ትንሽ መብራት። መብራቷ ከአንቴናው ጋር የሚያገናኛት ሽቦ እንኳ የላትም። የሚዞረው አንቴና በያዘው ሰው እጅ ዘንበል ማለት ነው የሚዞረው፤ ያዡ ራሱ ላያውቀው ይችላል። «በ50 ሜትር ርቀት ወርቁን ለይቶ ይጠቁማል» ከተባላችሁ ከዚያ በላይ መስማት አያስፈልግም። የዚህ ዓይነት ዕቃ መንግሥታትንም አታሏል፤ ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ከጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ የተነሳ ዕቃ ቦምብ ያገኛል ብሎ ለኢራቅ ሲሸጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 10 ዓመት ተፈርዶበታል።

እውነተኛው ብረት ጠቋሚ ሌላ ነው። ከታች ክብ ጥቅል ሽቦ አለው፤ መሬቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ተደርጎ ይወዛወዛል፤ ለአንድ ሳንቲም የሚደርሰው ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱም ቢሆን በእኛ አገር መሬት ይቸገራል። ባሕር ዳር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ማሽኑን ያለ ምክንያት ያስጮኸዋል። ቀሪው ጩኸት ቆርኪ፣ ቀለህና የባትሪ ድንጋይ ነው። የተፈጥሮ ወርቅ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉ ቦታዎች ከእኛው ጥቁር ድንጋይ እጅግ በሚቀድም አለት ውስጥ ነው ያለው። ጣና ዳር እሱን መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከማሽኑ የባሰው ግን «የባለመሬት ፈቃድ» የሚሉት ወረቀት ነው፤ ማሽኑ ቢበዛ ብራችሁን ይወስዳል፣ ወረቀቱ እናንተን ራሳችሁን ይዞ ይሄዳል።

ወረቀቱ ከየት እንደተቀዳ ታውቃላችሁ? ከእንግሊዝ ቪዲዮዎች። እዚያ መሬት የግል ነው፤ የሕዝብ መተላለፊያ መንገድ እንኳ ባለቤት ስላለው ፈላጊው ባለመሬቱን ያስፈቅዳል፣ የሚገኘውን ለመካፈልም ይዋዋላሉ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕጋቸው ሀብት ተብሎ የሚቆጠር ግኝት በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያስገድዳል። የእኛ ደላሎች ያንን ውል ወደ አማርኛ መልሰው «እኩል ለእኩል» ብለው ያስፈርማሉ።

በእኛ አገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው፤ ማሳዬን እለፉ ሊላችሁ ይችላል፤ ከሥሩ ያለውን ሊያካፍላችሁ አይችልም። የእግር መንገዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወል ነው፤ የፈረመላችሁ ሰው ደብተር ላይ የለም። ጥንታዊ ነገር ፍለጋና ቁፋሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህን ፈቃድ የገበሬ አውራ ጣት ወይም የቀበሌ ሊቀመንበር ማኅተም አይተካውም። የገበሬውም ነገር ያሳዝናል፤ ጥቂት ብር ተሰጥቶት ጣቱን ያሳርፋል፣ ጉድጓዱ ሲገኝ ግን የሚጠየቀው አገሩ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

ደግሞም የጣና ዳር የድሮ መንገድ ብዙው መድረሻው ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ነው፤ ዙሪያው መቃብር ነው። እዚያ አካፋ ይዞ የተገኘ ሰው ሕጉ ሳይደርስለት ሕዝቡ ይደርስበታል፤ በሕዝቡም አልፈርድም። ማሽን የሚጮህለት ብረት ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ፤ ማሽኑ አይለይም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «የእኔ ደላላ ሌላ ነው» የሚል ካለ፣ ይፈትነው። አምስት ስኒ ገልብጡ፤ ሻጩ ከክፍሉ ወጥቶ ሳለ ከአንዱ ሥር የወርቅ ቀለበት አስቀምጡ፤ የት እንዳለ የሚያውቀውም ሰው አብሮ ይውጣ። ደጋግሞ ያግኝ። «ማሽኑ ቤት ውስጥ አይሠራም» ካለ ጓሮ ውሰዱት። ማሽኑ እንዲሠራ ወርቁ ረጅም ዓመት የተቀበረ መሆን አለበት ማለት ከጀመረ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሸኙት።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን አታጥፉ፤ ከደላላው ጋር የተጻጻፋችሁትን ፎቶ አንስታችሁ፣ ወረቀቱን ከነማኅተሙ ይዛችሁ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ። «ሁለተኛ ዙር ብትጨምሩ ወርቁ ጋ ደርሰናል» ብለው ቢደውሉ አትጨምሩ። እርሻ ስታርሱ ወይም መሠረት ስታስቆፍሩ በአጋጣሚ አሮጌ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ ባለበት ተዉት፣ ሰው እንዳይነካው ጠብቁት፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።