የሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያችን ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ማሽኑ፣ ሪቤቱና ታክስ ክሬዲቱ

እ.ኤ.አ. በ2025 ጸደይ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ያረጀውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ አስነሥተን በቦታው ባለ 65 ጋሎን የሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ አስተከልን። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሙቀቱንም ብርዱንም አሳልፏል፤ እኛም የ2025ን ታክስ ስናስገባ ክሬዲቱን፣ ማለትም ከዓመቱ ታክስ ላይ የሚቀነስልንን ገንዘብ፣ ጠይቀናል። የማሽኑን ጠባይና የመንግሥትን ድጋፍ በአንድ ላይ የምጽፈው፣ ብዙ ሰው ለመግዛት የሚወስነው ሻጩ በነገረው የድጋፍ መጠን ላይ ተመሥርቶ ስለሆነና ያ መጠን በተግባር እጅ ላይ ከሚገባው ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ ነው።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውሃውን የሚያሞቀው 4,500 ዋት ገደማ በሚስብ ኤለመንት ነው። ሂት ፓምፑ ግን በክፍሉ አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ታንኩ ያሻግራል፤ ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ለዚህም ኮምፕረሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዋት ያነሰ ኃይል ይበቃዋል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ይህ ዓይነቱ ማሞቂያ ከተለመደው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከ2 እስከ 3 እጥፍ በተሻለ ብቃት ይሠራል፤ ውሃ ማሞቅ ደግሞ ከአንድ ቤት የኃይል ፍጆታ 18 በመቶ ያህሉን ስለሚይዝ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በእኛም ቤት የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ከመጀመሪያው ሙሉ ወር ጀምሮ በግልጽ ቀንሷል።

ማሽኑ ሲሠራ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይተፋል። በበጋ ይህ በረከት ነው፤ ቤዝመንቱን ዓመት ከዓመት ሲያስቸግረን የነበረው እርጥበት በመጥፋቱ የእርጥበት መምጠጫውን ማሽን ማብራት ትተናል። በቅዝቃዜው ወራት ግን ማሞቂያው የሚወስደው ሙቀት የቤቱ ሂተር ያመነጨውን ስለሆነ ከቁጠባው ከፊሉ ተመልሶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የሚተከልበት ቦታ ከማሽኑ ብራንድ በላይ ወሳኝ ነው እላለሁ። ኢነርጂ ሚኒስቴሩ ቢያንስ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ አየር ያለውና ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ከ40 እስከ 90 ዲግሪ ፋራናይት የሚሆን ስፍራ ይመክራል። በመኝታ ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ መትከልን አልመክርም፤ የኮምፕረሰሩና የማራገቢያው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ይሰማል።

ውሃ መልሶ ለማሞቅ ጊዜ ይወስዳል። እንግዳ በዝቶ ሰው በተከታታይ ሲታጠብ፣ ማሽኑን አስቀድሞ ሃይብሪድ ወደሚባለው አሠራር መቀየር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ኤለመንቱም ስለሚያግዘው ውሃው አይቋረጥም። ባለ 50 ጋሎኑን ትተን ባለ 65ቱን በመምረጣችን ደስተኛ ነኝ። ጥገናውን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ አነሣለሁ። አንደኛው ከላይ ያለው የአየር ማጣሪያ ነው፤ ልብስ ማድረቂያችን በአቅራቢያው ስላለ፣ ማጣሪያው ግራጫ የጨርቅ ብናኝ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ለብሶ ይገኛል፣ በውሃ አለቅልቆ መመለስ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሁለተኛው ከአየሩ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ነው። የተከለልን ድርጅት ቱቦውን በቂ ተዳፋት ሳይሰጠው ስለሄደ ውሃው ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ሠራተኛው ተመልሶ እስኪያስተካክለው ድረስ ደጋግመን መደወል ነበረብን። ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ማሽኑ ሲሠራ ቆማችሁ፣ ውሃው እስከ ወለሉ ማፍሰሻ መድረሱን እዩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። በ2022 የወጣው የዋጋ ግሽበት ቅነሳ ሕግ ያሰፋው፣ በታክስ ሕጉ ክፍል 25ሲ የሚታወቀው ክሬዲት፣ ለሂት ፓምፕና ለሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ የመትከያ ዋጋን ጨምሮ የወጪውን 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። መስኮት፣ በርና ኢንሹሌሽን ከዚህ የተለየ የ1,200 ዶላር ጣሪያ ነበራቸው። በእኛ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ሻጩ «ከመንግሥት 2,000 ዶላር» ብሎ በደማቁ ጽፎ ነበር። ነገር ግን 2,000 ጣሪያው እንጂ ክፍያው አይደለም፤ ወደዚያ ለመድረስ ወጪው 6,667 ዶላር ገደማ መሆን አለበት።

ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ኩባንያው የሚሰጠው ሪቤት፣ ማለትም ከዋጋው ላይ የሚመልሰው ገንዘብ፣ አስቀድሞ ከወጪው ላይ ይቀነሳል። ለምሳሌ ማሽኑ ከነመትከያው 4,000 ዶላር ቢያወጣና ኩባንያው 1,000 ዶላር ቢመልስ፣ ክሬዲቱ የ3,000 ዶላር 30 በመቶ፣ ማለትም 900 ዶላር ይሆናል እንጂ 1,200 አይሆንም። እንዲህም ሆኖ ሪቤቱን መተው አያዋጣም። በሜሪላንድ ሪቤቱ የሚከፈልበት ኤምፓወር የተባለው የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም ገንዘብ የሚሰበሰበው በየወሩ ሂሳባችን ላይ ከሚታከል ክፍያ ነው፤ ከፋዩ ያልጠየቀው ሪቤት ለሌላው ይተርፋል።

ክሬዲቱ ከዓመቱ ታክስ በላይ ተመላሽ አይሆንም፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይተላለፍም። እዚህ ላይ ብዙዎች ሲደናገሩ አያለሁ፤ «በየዓመቱ ተመላሽ ስለማገኝ የታክስ ዕዳ የለብኝም፣ ስለዚህ አይሠራልኝም» ይላሉ። መታየት ያለበት ግን ከደመወዝ ከተቆረጠው ጋር ከመመዛዘኑ በፊት ያለው የዓመቱ ጠቅላላ ታክስ ነው። እርሱ 3,000 ዶላር ከሆነና ሌሎች ክሬዲቶች ካልቀነሱት፣ ሰውየው በመጨረሻ ተመላሽ ቢያገኝም 900 ዶላሩ ሙሉ በሙሉ ይታሰብለታል። በተቃራኒው ታክሱ ዜሮ የሆነ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ከዚህ ክሬዲት አንዳች አያገኝም፤ ይህ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማስገባቱ ራሱ ቀላል ነበር። የሚሞላው ፎርም 5695 ሲሆን፣ ለ2025 ባለ 4 ፊደል ወይም አሃዝ የአምራች መለያ ኮድ ይጠይቃል። ድርጅቱ በመጀመሪያ የሰጠን ደረሰኝ የማሽኑን ሞዴል እንኳ የማይጠቅስ ድፍን ሂሳብ ስለነበር፣ ሞዴሉን፣ የተተከለበትን ቀንና የተቀነሰውን ሪቤት ዘርዝረው እንደገና እንዲጽፉልን አደረግን።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ይህን ክሬዲት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚተከሉ ዕቃዎች አቁሞታል፤ የሚቆጠረውም ገንዘቡ የተከፈለበት ሳይሆን ተከላው የተጠናቀቀበት ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛ ሰው ሂሳቡን ያለ ፌዴራል ክሬዲት ይሥራ። ግዛቶች በፌዴራል ገንዘብ የሚያስተዳድሩት የኤሌክትሪፊኬሽን ሪቤት ለሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ እስከ 1,750 ዶላር ይሰጣል፤ ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች ለሆኑ እስከ ሙሉ ወጪው፣ ከ80 እስከ 150 በመቶ ላሉት ደግሞ እስከ ግማሹ ይሸፍናል። ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው በግዢው ጊዜ ስለሆነ፣ ግዛታችሁ ፕሮግራሙን መክፈቱንና ብቁ መሆናችሁን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ከ2023 እስከ 2025 ባለው ጊዜ አስተክላችሁ ክሬዲቱን ያልጠየቃችሁ ደግሞ፣ የዚያን ዓመት ታክስ ካስገባችሁበት ቀን አንሥቶ በአብዛኛው 3 ዓመት ጊዜ ስላላችሁ በፎርም 1040-ኤክስ አስተካክላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።