የስልክ ቻርጀር ለአዲስ ስኩተር፦ ከባትሪ በቀጥታ ወይስ በቁልፍ?

ከባትሪ በቀጥታ፦ ቀላል ሥራ ነው። ፖዘቲቩ ላይ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው 15 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይገባል፤ ኔጋቲቩ ይታሰራል፤ አለቀ። የፋብሪካው ሽቦ አይነካም። ችግሩ ሞተሩ ጠፍቶም ቻርጀሩ መሳቡን አያቆምም፤ 20 ሚሊ አምፒር ብቻ ቢስብ እንኳ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪን በ10 ቀን ገደማ ባዶ ያደርገዋል።

በቁልፍ፦ ባለ 4 እግር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይጨመራል፤ ቁጥሮቹ እግሮቹ ላይ የተጻፉት ናቸው። 30 በፊውዝ አልፎ ከባትሪው፣ 87 ከቻርጀሩ፣ 85 ከኔጋቲቭ፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 86 ላይ ነው። እባክዎ የፊት መብራቱን ሽቦ አይጥለፉ፤ በአንዳንድ ስኩተሮች ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ስለሚመጣበት ሪሌው ይንቀጠቀጣል። የሚያያይዙት ሽቦ 12 ቮልት ዲሲ (የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) መሆኑን በቴስተር አይተው ይሰሩ።

በየቀኑ ለሚነዳ ስኩተር ቀጥታው ይበቃል፤ ለሳምንታት ለሚቆም ግን ሪሌው ልፋቱን ይክሳል።