ለሮቶአችን ጸጥ ያለ ቫልቭ ለሠሩልን የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና እና ጥቆማ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ። ቀዶ ሕክምና አድርጋ ቤት የተኛችው እናቴ ሌሊቱን በሰላም እንድታድር ያደረጉልን እርስዎ ነዎት። «ስሜን በአደባባይ አትጻፊ» ስላሉኝ ቃልዎን አከብራለሁ፤ ሥራዎ ግን በእኛ ግቢ ተደብቆ እንዲቀር አልፈልግም።

ለማታውቁት ነገሩን ላስረዳ። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ነው። ተራችን ሲደርስ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶአችን የብረት ማማ ላይ ተቀምጦ ከእናቴ መኝታ ክፍል ግድግዳ ጋር ይዋሰናል፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሌላ የምናኖርበት ቦታ የለንም። ውሃ ሲመጣ በመጀመሪያ ቧንቧው አየር እየተፋ ይንጣጣል። ቀጥሎ ተንሳፋፊ ኳስ ከሚዘጋው ቫልቭ ቀጭን ፉጨት ይጀምራል። ሮቶው ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ መስመሩ በሙሉ እንደ ኮርማ ያገሳል፤ ሰው የሚያባንነው ይህ የመጨረሻው ነው። ከጎናችን ያሉት ተከራዮች አራስ ልጅ አላቸው። አንድም ቀን ክፉ ቃል ሳይናገሩን ሌሊት መብራታቸው ሲበራ ባየን ቁጥር ስንሳቀቅ ኖረናል።

ከጋሼ በፊት የመጡት ሠራተኞች ሁሉ መፍትሔአቸው አንድ ነበር፤ አሮጌውን ቫልቭ ፈትቶ አዲስ መግጠም። አዲሱም ያው ይጮኻል። አንዱ «ዘንድሮ ገበያ ላይ ደህና ዕቃ የለም» አለ፤ ሌላው «ውሃ መምጣቱን አመስግኑ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ውሃውንም እንቅልፉንም እንፈልጋለን፤ ሁለቱንም መጠየቅ ቅብጠት አይደለም።

አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ወደጠቆመችኝ ቶርኖ ቤት ስሄድ እኒህን ሰው አገኘኋቸው። ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ ዕድሜአቸውን በሙሉ ናስና ብረት ሲቆርጡ የኖሩ አባት ናቸው። ችግሩን ስነግራቸው ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት «ልጄ፣ የሚጮኸው ውሃው ሲጀምር ነው፣ ሲጋመስ ነው ወይስ ሊያልቅ ሲል?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀን ላይ መጥተው እንዲያዩት ብለምናቸውም አልተቀበሉኝም። «ዝም ባለ ቧንቧ ላይ ምን እሰማለሁ?» አሉኝ።

በፈረቃችን ሌሊት መጡ። መሰላሉ ላይ ወጥተው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ቧንቧው ላይ አሳረፉ፤ እጀታውን ጆሮአቸው ሥር ደግፈው ከማማው ግርጌ እስከ ቫልቩ ድረስ መስመሩን ክንድ በክንድ አዳመጡት። ከዚያ የግፊት መለኪያ ገጠሙ፤ መርፌው ከ6 ባር አለፈ። መለኪያውን ትተውልን ሄደው ስለነበር ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ደግሜ አየሁት፤ 2 ባር ገደማ ወርዷል። ሌሊት የሚጠቀም ሰው ስለሚያንስ ግፊቱ ያድጋል፤ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከማጠራቀሚያው በታች በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ይጨመራል። እንጦጦና አቃቂ በአንድ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ከፍታና ዝቅታ እንዳላቸው ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም።

ፊዚክስ ስለማስተምር ከዚህ በኋላ ያለው ውይይት ለእኔ ልዩ ደስታ ነበር። 6 ባር ግፊት ያለው ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አየር ሲለቀቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 35 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ በሰዓት ሲሰላ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ውሃ በዚህ ፍጥነት በሹል ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ እዚያች ቦታ ላይ ግፊቱ እጅግ ይወድቅና ሳይሞቅ ይፈላል። ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ጥቂት አለፍ ብለው ግፊት ሲያገኛቸው በቅጽበት ይከስማሉ። ከሚጮኸው ድምፅ ብዙው ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ናሱንም የሚበላው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ምድጃ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላልንም ለዚህ ነው። ስለዚህ እነዚያ አረፋዎች እዚህ በትንሹም ቢሆን በቀላሉ ይፈጠራሉ። ጋሼ የፈቱትን አሮጌ ቫልቭ እጄ ላይ አስቀመጡልኝና መቀመጫውን በጣቴ እንድዳስስ ነገሩኝ። ለስላሳ መሆን የነበረበት የናስ ከንፈር ተቦርቡሮ ጣት ይሞረሙራል። ከተገጠመ ገና ብዙም ያልቆየ ዕቃ ነበር።

የጋሼ ሐሳብ ግፊቱን ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ላለመግደል ነው። በመጀመሪያ ከማማው ግርጌ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ገጥመው ወደ 2 ባር አወረዱት። «ቀዳዳ ያለው ዝርግ ናስ መስመሩ ውስጥ ቢገባ አይበቃም ወይ? ይረክሳል» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። መልሳቸውን ለተማሪዎቼም ነግሬአቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ግፊት የሚቀንሰው ውሃ በብዛት ሲያልፍበት ብቻ ነው፤ ሮቶው ሊሞላ ሲል ውሃው እየቀጠነ ስለሚሄድ ሙሉው ግፊት ተመልሶ ቫልቩ ላይ ያርፋል። ያ ደግሞ ልክ መስመሩ የሚያገሳበት ሰዓት ነው።

ቀጥለው ቫልቩን ራሱን ከናስ በቶርኖ እንደ አዲስ ቆረጡት። ግፊቱ ወደ 2 ባር ሲወርድ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ ወደ 20 ሜትር ይወርዳል፤ እንግዲህ በፈረቃው ሰዓት ሮቶው እንዲሞላ መተላለፊያው በስፋት 1.7 እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ይህን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ አስልተው አሳዩኝ። የሰፋውን ቀዳዳ ተንሳፋፊው መዝጋት ያቅተው ይሆን ብዬ ስሰጋ ግፊቱ ወደ ሲሶ ስለወረደ ጉልበቱ እንዲያውም እንደሚተርፈው ከዚያው ስሌት ላይ አመለከቱኝ። የመቀመጫውን ጠርዝ አለዘቡት። የድሮው ጎማ ጠፍጣፋና በመያዣው ውስጥ የላላ ስለነበር በውሃው ኃይል ይርገበገብ ነበር፤ በእርሱ ፋንታ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ በመሪ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት መዝጊያ ሠሩ። ቅርጹ ሾጣጣ በመሆኑ ውሃው በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፣ ቀስ በቀስ ይጠባል። ከመዝጊያው ቀጥሎ ደግሞ ውሃው በአንድ ወፍራም ቀዳዳ ሳይሆን ዙሪያውን በተበሱ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ አደረጉ። ትናንሽ ቀዳዳዎች በዝገትና በደለል ይደፈናሉ፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደፍርሶ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከግፊት መቀነሻው በፊት የሚፈታ ማጣሪያ አስገቡና እንዴት እንደሚታጠብ እኔንም ወንድሜንም አሠለጠኑን። ማጣሪያውን ማጠብ የማይፈልግ ሰው ይህን ሥራ ባያሠራ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን እምቢ ባሉበት ነገር ነው። ወንድሜ ከቫልቩ አፍ እስከ ሮቶው ወለል የሚወርድ ፕላስቲክ ቱቦ እንዲያደርጉልን ጠየቃቸው፤ ውሃው ከላይ ስለማይወርድ መንቦጫቦጩ ፈጽሞ እንደሚጠፋ እውነት ነው። ጋሼ ግን አልተስማሙም። ፈረቃው ሲያልቅ ዋናው መስመር ባዶ ይሆንና ወደ ኋላ ይስባል፤ የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሮቶው ውሃ ተመልሶ ወደ ከተማው መስመር ይገባል፣ የቆየ ቆሻሻ ካለም አብሮ ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ቱቦ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ ሳይቋረጥ በሚፈስበት አገር እንዲህ ከተጠነቀቁ እኛማ ምን ያህል እንጠንቀቅ! ጋሼ የመረጡት መንገድ የቫልቩን አፍ ከውሃው ከፍታ በላይ እንዳለ ትተው ወደ ሮቶው ግድግዳ ማዞር ነበር፤ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ እየተንሸራተተ ይወርዳል።

የማግሳቱ ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሮቶው ሊሞላ ሲል የውሃው ገጽ ይናወጣል፤ ተንሳፋፊው ከፍ ዝቅ ሲል ቫልቩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፤ እያንዳንዱ መዘጋት በመስመሩ ላይ ምት ይልካል። የሩሲያው ምሁር ኒኮላይ ጁኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ሞክሮ በ1898 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ይህንኑ ይመለከታል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ ድንገት ቢቆም ከ10 ባር በላይ ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። ጋሼ ከተንሳፋፊው ሥር፣ ውሃው ውስጥ የሚቀመጥ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዝርግ አንጠለጠሉ። ዝርጉ ውሃውን እየገፋ ካልሆነ መንቀሳቀስ ስለማይችል ተንሳፋፊው መዝለሉን ተወ። ከማማው እግር ጋር የላላውን ቧንቧም በጎማ ጠቅልለው አሰሩት። ለአየሩ መንጣጣት ደግሞ መስመሩ ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ አየር ማስወጫ ጨመሩ፤ ይህኛው ቀላሉ ሥራ ነበር።

በስልኬ ከእናቴ ትራስ አጠገብ ስለካው በፊት 58 ዴሲቤል የነበረው አሁን 34 ሆኗል። ስልክ የላቦራቶሪ መሣሪያ አይደለም፤ ሁለቱንም በአንድ ስልክ በአንድ ቦታ ስለለካሁ ልዩነቱን ግን አምነዋለሁ። የጎረቤታችን አራስ ልጅም አሁን የምትነቃው በራሷ ሰዓት ነው ብላኛለች እናቷ።

ስለ ዋጋው፣ አዲስ ቫልቭ ከመግዛት በእርግጥ ይበልጣል፤ በየጊዜው ስንቀይር ያወጣነውን ስደምረው ግን አልቆጨኝም። የገዙትን ዕቃ ደረሰኝ አንድ በአንድ አስረክበውናል፤ የፈቱትንም አሮጌ ዕቃ መልሰውልናል። እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ቀስ ያለ ነው። ለነገ ካላችኋቸው አይስማሙም፤ የፈነዳ ቧንቧ ያለበት ሰው ሌላ ሠራተኛ ይፈልግ። የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መግጠምም አይሠሩም። ለመታጠቢያ ቤት አዲስ ቧንቧ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ስለ ድምፅ ምድቡ ጠይቁት። አይሶ 3822 በተባለው ዓለም አቀፍ የቧንቧ ድምፅ መለኪያ ዘዴ ተለክቶ በ3 ባር ግፊት ከ20 ዴሲቤል የማይበልጥ ድምፅ ያለው በአውሮፓ ደረጃ ምድብ 1 ይባላል፤ እስከ 30 የሚደርሰው ምድብ 2 ነው።

ጋሼን ለምትፈልጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት የፈረቃችሁን ቀንና ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት እወቁ፤ ድምፁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚለወጥ ልብ ብላችሁ ያዙ፤ የፈታችሁት አሮጌ ቫልቭ ካለ አትጣሉት፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው። ሌሊት ስለሚመጡ ደግሞ የሚመልሳቸው ሰው አዘጋጁ።