ሊድስ ውስጥ የቀይ ጡብ ቤት ለመግዛት፦ ጀርባ ለጀርባ ይሻላል ወይስ ጓሮ ያለው?

በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ፣ በተለይ ሄርሂልስ አካባቢ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ተያያዥ ቤቶች ከመንገድ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ቀይ ጡብ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ ጣሪያ ላይ ብቅ ያለች መስኮት። ልዩነታቸው ከኋላ ነው። ኤጀንቱ በር ሳይከፍትላችሁ መደዳውን ዞራችሁ እዩ። ከኋላ በኩል የሌላ ሰው የፊት በር ከገጠማችሁ ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ማለትም ሁለት ቤቶች የኋላ ግድግዳቸውን ይጋራሉ።

ጀርባ ለጀርባ ቤት በመደዳው መሀል ከሆነ ሦስት ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። መስኮቶቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ነፋስ ከወዲያ ገብቶ ከወዲህ አይወጣም። ወጥ ሲሠራ የሽንኩርቱ ሽታ ጣሪያ ስር እስካለው መኝታ ቤት ይደርሳል። በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ እንዳይሠራ በሕግ የተከለከለውም ከጤና አንጻር ነው። ሊድስ ግን አስቀድሞ በጸደቁ ፕላኖች እስከ 1937 ድረስ መሥራቷን ቀጠለች። ጥቅሙስ? ዋጋው ይረክሳል፣ ለብርድ የተጋለጠውም አንድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ማሞቂያው ብዙ አይበላም።

ጓሮ ያለው ሁለት በር፣ ሁለት አቅጣጫ ብርሃን፣ ልብስ ማስጫ ቦታ አለው። ግን ግድግዳው 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ድፍን ጡብ ነው፤ መሀሉ ክፍተት ስለሌለው የሙቀት መከላከያ መሙላት አይቻልም። የጡቦቹ አጭር ጎን ከረጅሙ ጋር እየተፈራረቀ ከታየ ድፍን መሆኑን እወቁ። የኋላውን ግድግዳ ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግንበኞቹ ለፊት ለፊቱ ያማረ ጡብ መርጠው ከኋላ ርካሹን መጠቀም ልማዳቸው ነበር። የጥንቱ ማያያዣ ኖራ ነው፤ በኋላ የመጣ ጠጋኝ ሲሚንቶ ከሞላበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የጡቡ ፊት ይላጣል። እንዲህ ያለውን ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ።

ልጆች ላሉት፣ ክፍሉ ቢጠብም፣ ጓሮ ያለውን እመርጣለሁ። ለብቻው ወይም ለሁለት ለሚኖር ጀርባ ለጀርባው አይናቅም፤ ከበሩ ፊት ትንሽ አትክልት ቦታ ያለው ከሆነ በኋላ የተሠራውና የተሻለው ዓይነት ነው። በፊተኞቹ በሩ በቀጥታ አስፋልት ዳር ይከፈታል፣ ሽንት ቤቱም ሲሠሩ በቤቶቹ መካከል የጋራ ነበር።

አንዳንድ አበዳሪዎች ለጀርባ ለጀርባ ሞርጌጅ አይሰጡም። ቤቱን ለሚመረምረው ባለሙያ (ሰርቬየር) ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። የጋራውን ግድግዳ የሚነካ ከባድ ሥራ ካሰባችሁ ደግሞ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ መሠረት ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው፤ እዚህ ጎረቤቱ ሦስት ሊሆን ይችላል።