ቱሉ ዲምቱ ላይ ላፕቶፔን ለሠራልኝ ልጅ

ሰላም የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች። የሚታመን የኮምፒውተር ባለሙያ ለምትፈልጉ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። በዚያውም በአደባባይ ላመሰግነው ፈልጌ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ማታ የምማረው ፕሮግራሚንግ ግን ሁሉ ነገሩ ኡቡንቱ ላይ ነው፤ እሱም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም፣ የሊኑክስ ዓይነት ነው። በዘንድሮ ዋጋ ሁለተኛ ላፕቶፕ የማይታሰብ ነው። መሃል ከተማ አንድ ቤት ስጠይቅ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አሉኝ። የዓመት ሒሳብ ያለበትን ማሽን! ይዤው ተመለስኩ።

ይሄ ልጅ ግን ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ኡቡንቱን ጎን ለጎን እንደሚጭንልኝ ነገረኝ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ማስኬድም ይቻላል፣ ራሙ 8 ጊጋ ስለሆነ ግን ይንቀራፈፍብሻል አለኝ። ከዚያ «እህቴ፣ መጀመሪያ ዳታሽን እናስቀምጥ» ብሎ ሁሉንም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠ። ገልብጦ ብቻ አልተወም፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ እንዳይ አደረገኝ።

በጣም የገረመኝ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ላይ ነው። ዲስኩ መቆለፉን እኔ አላውቅም ነበር። የማስነሻው ነገር ሲነካካ ዊንዶውስ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፣ ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ ዳታው አለቀለት ማለት ነው። ከማይክሮሶፍት አካውንቴ አስወጣና 48ቱን አሃዝ በእጄ ወረቀት ላይ አስጻፈኝ። እሱ ራሱ አልያዘውም። እኔ ይሄን ነው ሐቀኝነት የምለው።

ሌላው ሥራው ፈጣን ነበር። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጠፋ፤ እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ፋይሎቹ ላይ መጻፍ ይቸገራል። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስቶ ዋይፋዩንም ድምፁንም ሳይጭን በፊት ሞከረ። ዲስኩን ለሁለት ከመክፈሉ በፊት ደግሞ መብራት ቢሄድስ ብሎ ባትሪው እስኪሞላ ጠበቀ። የኛን ሰፈር መብራት የሚያውቅ ሰው ነው! ከዲስኩ 100 ጊጋ ለኡቡንቱ ሰጠው። አሁን ላፕቶፑ ሲነሳ የቱን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል።

ቤት ስገባ የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። ደወልኩለት። ኡቡንቱ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚይዘውና እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ነው አለኝ። ኡቡንቱ ላይ የምጽፋትን አንዲት መስመር በቴሌግራም ላከልኝና ተስተካከለ። ተጨማሪ ብር አልጠየቀኝም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እንጀራህን ያብዛልህ።

ሱቁ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም አይርቅም። ሳላስፈቅደው ስልኩን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁንና የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ፓስወርድ እንዳትረሱ።